የወደቀ ብሎን አይበርም

አባ ቀስ ሚስቱን ቀብሮ ወደ ሥራ በተመለሰበት ጠዋት የቆረጣቸው ብሎኖች አንድ በአንድ መሬት ላይ ወደቁ።

ማሽኑ አልተበላሸም። እጁም አልተንቀጠቀጠም። አንዱን ቆርጦ ሲጨርስ ዓይኑን ከማሽኑ ሳይነቅል ብሎኑን ወደ ግራው ያቀብላል፤ ዕድሜውን ሙሉ የሠራው እንዲህ ነው። በግራው በኩል አንዲት መዳፍ ተዘርግታ ትቀበለው ነበር። አሁን እዚያ ያለው ባዶ ወንበር ነው። ብሎኑ ከጣቱ ይለቃል፣ ሲሚንቶው ላይ ቅጭል ይላል፣ ተንከባሎ ከጠረጴዛው ሥር ይገባል። አባ ቀስ ድምፁን ይሰማል። ግን የጎረቤት ዕቃ የወደቀ ያህል ሰምቶ ቀጣዩን ያነሳል።

በዚያ ወርክሾፕ የጽዳት ሠራተኛው ሳይቀር የሚያውቀው ሕግ አለ፤ የወደቀ ብሎን አይበርም። አውሮፕላን ላይ የሚገባ ብሎን ከእጅ አምልጦ መሬት ከነካ፣ ጭረት ባይታይበት እንኳ በቀይ የተቀባው ቆርቆሮ ውስጥ ይጣላል። ውስጡ ተሰንጥቆ እንደሆነ ማን ያውቃል? ሠራተኞቹ በዚህ ነገር ይቀልዳሉ። "ሰማይ ላይ ከወጡ በኋላ 'ይቅርታ፣ እኔ ወድቄ ነበር' ብሎ የሚናዘዝ ብሎን የለም" ይላሉ። ያን ቀን ቀዩ ቆርቆሮ ከምሳ በፊት ሞላ። የጽዳት ሠራተኛው መጥቶ ቆርቆሮውን አነሳ፣ ባዶ ቆርቆሮ አስቀመጠ፣ ትከሻውን ነካ አድርጎት ሄደ።

የአባ ቀስ ሥራ በብሎን ራስ ላይ ካቻቢቴ የሚገባበትን ጎድጓዳ መስመር መቁረጥ ነው። በወርክሾፑ ቋንቋ ይህ መስመር ዓይን ይባላል። የቁም ሣጥን ብሎን ዓይኑ የዋህ ነው፤ በመጋዝ የተበጣ ቀጥ ያለ መስመር፣ በቃ። የአውሮፕላን ብሎን ዓይን ግን ተንኮለኛ ነው። እንደ ማሰሮ አፉ ጠቦ ሆዱ የሰፋ ነው። ወለሉም ጠፍጣፋ ሳይሆን እንደ ታንኳ መሀሉ ጎድጎድ ያለ ነው። ካቻቢቴው ገብቶ ሲዞር ግድግዳዎቹ ወደ ውስጥ ይስቡታል እንጂ አፈትልኮ የአውሮፕላኑን ቆዳ እንዲቧጭር አይለቁትም።

እንዲህ ያለውን ዓይን ለመቁረጥ እዚያ ቤት የሚታወቀው ዘዴ ረጅም ነው። በመጀመሪያ በቀጭን ክብ መቁረጫ ቀጥ ያለው መስመር ይወጣል። ከዚያ ብሎኑን የያዘው ሞርሳ ወደ አንድ ጎን ያጋድልና አንደኛው ግድግዳ ከሥሩ ይፈለፈላል። ከዚያ ወደ ሌላው ጎን ያጋድላል። በየመካከሉ ብሎኑ ይወጣል፣ ፍቅፋቂው ይጸዳል፣ ይለካል፣ ተመልሶ ይታሰራል። ሳይለካ ከታለፈ የፊተኛው ስህተት በኋለኛው ላይ ይቆለላል። ስለዚህ ከቆራጩ አጠገብ የሚለካ ሰው መቀመጥ አለበት። ያ ሰው ሚስቱ ነበረች።

እሱን አባ ቀስ ያሉት ለተጠየቀው ሁሉ መልሱ "ቀስ" ስለሆነ ነው። አንድ ጊዜ ቶርኖ ማሽን ላይ የሚሠራው ጓደኛው "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ የአንተ እንቁላል ግን እግሩንም ሊያወጣ ነው ወይስ እዚያው ሊገማ?" ብሎት ነበር። አባ ቀስ ሞርሳውን እያጠበቀ "እግር እስኪያወጣ የሚሸከመው ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው እኔ ነኝ" አለው።

እሷን ደግሞ የዓይን ሐኪሟ ይሏት ነበር። ትንሽ ሴት ነበረች፤ ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ እግሯ መሬት የሚደርሰው በጣቶቿ ጫፍ ነው። ብሎኑን ተቀብላ በማጉያ መነጽር ታየዋለች፣ መለኪያዋን በዓይኑ ውስጥ ታስገባለች፣ ከሁለት ቃል አንዱን ትናገራለች፦ "ይበራል"፣ ወይም "አይበርም"። በመካከሉ ሦስተኛ ቃል አልነበራትም። በተጋቡ ሰሞን ባሏ የቆረጠውን ብሎን አይታ "አይበርም" ብላ ቀይ ቆርቆሮው ውስጥ ስትወረውረው ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

"አንቺ! ባልሽን ጣልሽው?" አሏት።

"ብሎኑን ነው የጣልኩት" አለች፤ መለኪያዋን በጨርቅ እየጠረገች። "ባሌም ቢወድቅ ግን እሱም አይበርም። ሕግ ሕግ ነው።"

ሥራቸው ላይ ብዙ አያወሩም ነበር። ማሽኑ ይጮሃል፣ እሱ ይቆርጣል፣ ሳያይ ያቀብላል፣ እሷ ትቀበላለች። ምሳ ሰዓት ሲደርስ አንዱ ሌላውን ሳይጠራ አብረው ይነሳሉ። እንደዚህ አረጁ።

ክረምቱ ሲገባ ታመመች፤ ክረምቱ ሳይወጣ ሞተች። ለቀስተኛው ሁሉ የእሱን እንባ ጠበቀ። "የሞተ ተጎዳ፤ አንተ በርታ እንግዲህ" አሉት። "እሺ" አለ። ታላቅ እህቱ አጠገቡ ተቀምጣ ጉልበቱን እየደበደበች "ወንድምዬ፣ ሆድህ ውስጥ አታስቀረው፣ አልቅስ እንጂ!" ስትለው "ቀስ" አላት። እህቱ እያለቀሰች ሳቀች። እሱ አልሳቀም፣ አላለቀሰምም። የጥርስ ሐኪም መርፌ ወግቶት ከንፈሩ እንደደነዘዘ ሰው ነበር፤ ከንፈሩን ይንከሰው አይንከሰው አያውቅም።

ማታ ቤት ውስጥ እሱና ልጁ ብቻ ናቸው። ልጁ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ራት ታቀርብና ፊት ለፊቱ ትቀመጣለች። እሱ ዳቦውን ይቆርሳል፣ ግማሹን ወደ ግራው ያቀብላል፤ ዳቦው ወለል ላይ ይወድቃል። ልጁ አንስታ አራግፋ ትበላዋለች።

"ዳቦ ሲወድቅም ይበራል እንዴ አባዬ?" አለችው አንድ ማታ፤ እንዲስቅላት ብላ።

"ዳቦ ሌላ ነው" አለ።

አለቃቸው ባቡር ይባላል፤ ሲራመድ አየር እየገፋ ነው፣ ከመድረሱ በፊት ድምፁ ይደርሳል። ከአባ ቀስ ጋር አብረው የተቀጠሩ ስለሆኑ አንተ ይባባላሉ። ባቡር ቀዩን ቆርቆሮ ለጥቂት ቀን እንዳላየ ሆኖ አለፈው፤ ከዚያ ግን ከማሸጊያ ክፍል አንዲት ሴት አምጥቶ ወንበሩ ላይ አስቀመጠ። ሬዲዮ ትባላለች። ስሟ ለምን እንደወጣላት ሰው ለመጠየቅ አፉን ሳይከፍት እሷው ትነግረዋለች።

ሬዲዮ መለካቱን ቶሎ ለመደች። መቀበሉ ግን አቃታት። የሟቿ መዳፍ ዘወትር አንድ ቦታ ነበር፤ የሬዲዮ መዳፍ ከወሬዋ ጋር ይዞራል። ብሎኑ ሲመጣ አንዴ ትይዘዋለች፣ አንዴ ያመልጣታል።

"ጋሼ፣ እኔን እኮ በረኛ አደረጉኝ!" ትላለች። "ሲመቱ ቢያንስ 'መጣሁ' ይበሉ እንጂ!"

"እሺ" ይላል አባ ቀስ። ቀጣዩንም እንዳለፈው ሳያይ ያቀብላል።

አንድ ቀን ሬዲዮ ወሬዋን አቋረጠች። ማሽኑ ቆሞ ነበር። "ጋሼ፣ አይቆጡኝና አንድ ነገር ልንገርዎት" አለች። "እዚህ ስቀመጥ ወንበር ላይ የተቀመጥኩ አይመስለኝም። የእትዬ ጭን ላይ የተቀመጥኩ ነው የሚመስለኝ። ይከብደኛል።"

አባ ቀስ መቁረጫውን በብሩሽ ይጠርግ ነበር። "አትከብጂም" አላት። እሷ ያለችው ሌላ፣ እሱ የመለሰው ሌላ እንደነበር ሁለቱም አወቁ፤ ማንም አላረመውም።

ከዚያ በኋላ ነው ባቡር አንዲት ትንሽ ሣጥን ይዞ የመጣው። የአባ ቀስ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ በሁለት ጣቱ ከፈታት። ውስጧ በስፖንጅ ላይ የተኛች፣ ከትንሽ ጣት የምትቀጥን መቁረጫ ነበረች፤ ወገቧ ጠባብ፣ ጫፏ ሰፊ፣ እንደ ዘርፋፋ ቀሚስ። ከሥሯ ብሎን ተነክሶ የሚያዝበት፣ በእጀታ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ማሰሪያ አለ።

"ይኸውልህ ዥዋዥዌው" አለ ባቡር። "ብሎኑን አንዴ ታስረዋለህ። በእጀታው አንዴ ታወዛውዘዋለህ። ቀሚሷ ከአንድ ጎን ገብታ በሌላው ጎን ትወጣለች። ሁለቱም ግድግዳ ይፈለፈላል፣ ወለሉም ይጎደጉዳል፣ በአንድ ጊዜ! ማጋደል የለ፣ መፍታት የለ፣ በየመሀሉ መለካት የለ። መጨረሻ ላይ ራስህ አንዴ ትለካለህ፣ አለቀ።"

አባ ቀስ መቁረጫዋን አየ። "እሺ" አለ።

"እሺ አትበለኝ። ሞክረውና ንገረኝ። ቢሮ ያሉት የሚጠብቁት የአንተን ቃል ነው፤ አንተ አይሆንም ካልክ አይሆንም። ዕቃውን ለላኩት እመልስላቸዋለሁ፣ እንደ ድሯችን እንቀጥላለን፣ ማንም ቅር አይለውም። ይሆናል ካልክ ሬዲዮ ወደ ማሸጊያዋ ትመለሳለች፣ ወንበሩም ዕቃ ቤት ይገባል፤ ቦታው ለመተላለፊያ ይፈለጋል።"

ወንበሩ ይገባል። አባ ቀስ ከዚያ ሁሉ ንግግር ይህቺን ብቻ ሰማ።

ባቡር የማያውቀው ነገር ነበር። አባ ቀስ ይህን መቁረጫ ያውቀዋል። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ልጃቸው ገና ሳትወለድ፣ ከተሰበረ የመሰርሰሪያ ፑንታ በመሳያ ድንጋይ ላይ እየሳለ የዚችን ታላቅ እህት ሠርቶ ነበር፤ ያችኛዋ ሸካራ ናት፣ ቀሚሷም በአንድ ጎን ትዘነብላለች። ብሎኑን የሚያወዛውዝበትን ማሰሪያም ከአሮጌ የበር ማጠፊያ ሠርቶላት ነበር። ሰው ሁሉ ምሳ በወጣበት ሰዓት አንድ ብሎን ቆርጦ ለሚስቱ አቀበላት። እሷም በመነጽሯ አየችው፣ መለኪያዋን አስገባች፣ አውጥታ ደግማ አስገባች።

"ይበራል" አለች በመጨረሻ።

እሱ ደስ ብሎት ሊነሳ ሲል እጅጌውን ያዘችው። "ታዲያ እኔ የት ልቀመጥ?" አለችው።

በሳቅ ነው ያለችው። እሱም ሳቀ። ከዚያ ግን መቁረጫዋን በጨርቅ ጠቅልሎ ከዕቃ ሣጥኑ ሥር አስቀመጣት፤ ስለ እሷ ደግመው አልተነጋገሩም። ማንም አልጠየቃቸውም፣ እነሱም አልዋሹም። ሞርሳውን ወዲያና ወዲህ እያጋደሉ አብረው ተቀምጠው አረጁ። እሱ ብቻ ያሰበው ነገር አልነበረም እንግዲህ፤ ሌላ አገር ያለ ሌላ ሰውም አስቦት፣ አሳምሮ ሠርቶት፣ በስፖንጅ አስተኝቶ ልኮለታል።

ማታ ልጁ "ዛሬ ደግሞ ምን ሆነሃል?" አለችው።

"ምንም።"

"ምንምህ በዛ እኮ አባዬ።"

ነገራት። መቁረጫዋን፣ ዥዋዥዌውን፣ አይሆንም ካለ ወንበሩ እንደሚቀር፣ ይሆናል ካለ እንደሚነሳ፣ የዕቃ ዋጋ እንደሚናገር ሰው እያነበነበ ነገራት። ልጁ ሳህኖቹን መሰብሰብ ትታ ሰማችው።

"የቱን ልትል ነው?"

"አላውቅም።"

"አባዬ… ወንበር ነው እኮ።"

"አውቃለሁ" አለ። "እንጨት ነው። አንድ እግሩ ያነክሳል። እሷ ካርቶን አጥፋ ሥሩ አድርጋለት ነበር።" ይህን ሲናገር ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። ልጁ ግን ተነስታ ወደ ማድቤት ገባች፤ ውሃው ሳህን ከሚያስፈልገው በላይ ረጅም ጊዜ ሲፈስ ተሰማ።

በማግስቱ ሬዲዮ ምሳ ስትወጣ አባ ቀስ ብቻውን ቀረ። ዥዋዥዌውን አሰረ፣ መቁረጫዋን አስገባ፣ አንድ ብሎን አስነከሰ። የሠራው ሁሉ እንደ ወትሮው በጥንቃቄ ነበር፤ ለማበላሸት ቢፈልግ እንኳ እጁ እንዴት እንደሚያበላሽ አያውቅም። እጀታውን ቀስ ብሎ ገፋው። ቀሚሷ በብሎኑ ራስ ጎን ገባች፤ ብረቱ እንደ ቀጭን ፀጉር እየተጠቀለለ ወጣ፤ ብሎኑ እንደ ሕፃን አልጋ ዝቅ ከፍ አለ፤ ቀሚሷ በሌላው ጎን ወጣች። አለቀ። ቀድሞ ብዙ ማሰርና መፍታት የሚፈጀው ነገር አንድ ትንፋሽ ሳይሞላ አለቀ።

ብሎኑን ፈታ። ዓይኑን ከማሽኑ ሳይነቅል ወደ ግራው አቀበለ።

ቅጭል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ፈለገው። ብሎኑ ከጠረጴዛው ሥር፣ ከወንበሩ ፊት ቆሟል። የቆመበት ቦታ ሲሚንቶው ጎረቤቱን አይመስልም። ሁለት ትናንሽ ነጣ ያሉ ክቦች፣ ጎን ለጎን፣ የተወለወለ ያህል ለስላሳ ሆነው ታትመዋል። የእግሯ ጣቶች ያረፉበት ቦታ ነው። ይህን ያህል ዓመት አጠገቧ ሲሠራ አንድ ቀን አይቶት አያውቅም። አባ ቀስ በጉልበቱ ተንበርክኮ አያቸው። አንዱን በአውራ ጣቱ ነካው። ቀዝቃዛ ነበር፤ እንደ ማንኛውም ሲሚንቶ።

የባቡር ጫማ መጥቶ ፊቱ ቆመ።

"አባ ቀስ! እዚያ ሥር ምን ትሠራለህ? አገር ሊቀየር ነው ሲባል ሰምተህ ተደበቅክ እንዴ?"

"ብሎን ወድቆብኝ።"

"ተወዋ! የወደቀ ደግሞ ምን ይፈለጋል?"

ብሎኑን ይዞ ወጣ። ጠረጴዛው ላይ የሟቿ መለኪያ በጨርቁ ላይ ተኝቷል፤ አንስቶ በብሎኑ ዓይን ውስጥ አስገባው። ገባ። አልተወዛወዘም። ወደ ጎን ሲያዞረው ግድግዳዎቹ ጨብጠው ያዙት፤ ወደ ላይ ሲስበው እምቢ አለ።

"እህስ?" አለ ባቡር። "ይሆናል አይሆንም?"

ወንበሩ በግራው ነበር። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ባቡር ያምነዋል፣ ቢሮ ያሉትም ያምኑታል፤ ሣጥኗ ትዘጋለች፣ ወንበሩ እዚያው ይቀራል፣ ከዚያ በኋላ ማንም ይህን ጉዳይ አያነሳም። ያን ጊዜ እሱና ሚስቱ ዝም ያሉት የጠየቃቸው ሰው ስላልነበረ ነው። አሁን ግን ብሎን በእጁ ይዞ፣ መለኪያዋን በእጁ ይዞ ተጠየቀ። በዚያ መለኪያ ሐሰት ተነግሮበት አያውቅም።

"ይኸኛው አይበርም፤ ወድቋል" አለ። ብሎኑን ቀዩ ቆርቆሮ ውስጥ ጣለው። "ዘዴው ግን ይበራል።"

ባቡር ትከሻውን መታ መታ አደረገውና ገና ሳይዞር ጩኸቱ ቢሮ ደረሰ።

ሬዲዮ ከምሳ ስትመለስ ሰማች። ትስቅ ይሁን ታዝን ግራ ገብቷት መሀል ላይ ቆመች። "ከበረኛነት ተገላገልኩ በሉኛ!" አለች፤ ከዚያ ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ጋሼ፣ ብቻዎን ነው እንግዲህ የሚቀሩት" አለችው።

"እሺ" አላት።

የዕቃ ቤቱ ሠራተኛ ወንበሩን በአንድ እጁ አንጠልጥሎ ወሰደው። የታጠፈችው ካርቶን ወለሉ ላይ ቀረች፤ ማታ የጽዳት ሠራተኛው ጠረጋት። አባ ቀስ አየ። መለኪያውን ብቻ ኪሱ ውስጥ ከተተ።

በሚቀጥለው ሳምንት መጀመሪያ ላይ ከቤቱ ከመኪና ሰሌዳ የማትበልጥ ጣውላ ይዞ መጣ። በግራው በኩል፣ ከጠረጴዛው ጎን፣ ከወለል ይህን ያህል ብሎ ሜትር ሳያወጣ በእጁ ብቻ ለክቶ በሁለት ብሎን አሰራት። ላይዋ ላይ ልጁ ከአሮጌ ኮት የቀደደችለትን ወፍራም ጨርቅ ዘረጋ። ባቡር ሲያልፍ ቆመ።

"ይህ ደግሞ ምንድን ነው? አዲሱ ዘዴ እኮ ማቀበል የለበትም። እፊትህ የብሎን ማጠራቀሚያ ሣህን አለልህ።"

"እጄ ገና አልሰማም" አለ አባ ቀስ።

ባቡርም የማይሮጥበት ቀን አለው፤ ቀስ ብሎ ሄደ።

አባ ቀስ ማሽኑን አስነሳ። ብሎን አስነከሰ፣ እጀታውን ገፋ፣ ቀሚሷ ገብታ ወጣች። ፈታው፣ በመለኪያው አየው፣ ዓይኑን ወደ ማሽኑ መልሶ ብሎኑን ወደ ግራው አቀበለ። ብሎኑ ከጣቱ ለቀቀ።

አባ ቀስ እጁን እንደዘረጋ ድምፁን ጠበቀ። ድምፁ አልመጣም። ከዚያ ቀጣዩን አነሳ።